የእድሩ ድንኳን ወዴት ይተከል?

ባለፈው ክረምት አንድ ቀብር ላይ ተገኝቼ ነበር። ሟቹ የአክስቴ ጎረቤት የነበሩ ጡረተኛ አናጢ ናቸው። «የነበሩ» ያልሁት ስለ ሞቱ አይደለም፤ እርሳቸው ከመሞታቸው አስቀድሞ ጉርብትናው ስለ ሞተ ነው። አክስቴና እኒህ ሰው በመሐል አዲስ አበባ፣ በአንድ ጠባብ ግቢ፣ ከአንድ ቧንቧ እየቀዱና በአንድ መጸዳጃ ቤት እየተጠቀሙ ከአርባ ዓመት በላይ አብረው ኖረዋል። ሠፈሩ ለልማት ሲፈለግ ለአክስቴ በከተማዋ አንድ ጫፍ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ደረሳቸው፤ ለአናጢው ደግሞ በሌላኛው ጫፍ።

መርዶው ለአክስቴ የደረሳቸው በማግሥቱ በስልክ ነው። በቀድሞው ሠፈር ቢሆን ኖሮ ጎሕ ሳይቀድ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ መንደሩን ዞሮ ባረዳ፣ ረፋድ ላይ ድንኳኑ በተተከለ፣ ንፍሮው በተቀቀለ፣ ጎረምሳው ሁሉ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ በታየ ነበር። ዛሬ ግን ጥሩምባ ነፊው የሚነፋበት ሠፈር የለውም። እርሱም እንደ ሌላው ወደ ደረሰው ቦታ ሄዶ የአንድ ሕንፃ ጥበቃ ሆኗል። ድንኳኑ፣ አግዳሚዎቹና ትልልቆቹ ብረት ድስቶች በአንድ አባል ዘመድ ግቢ ተከምረዋል። መኪና ተከራይተን እናምጣው ተብሎ ተመክሮ ነበር፤ ዕቃው ከተማውን አቋርጦ ለቀብሩ እንደማይደርስ ሲታወቅ ምክሩ ቀረ። ሁለት መቶ ያህል አባወራ ካለው እድር ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ የቆጠርኋቸው ዐሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። አክስቴ ከቀብር ስንመለስ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ «ልጄ፣ ለካ ለመሞትም ሠፈር ያስፈልጋል!»

ውድ አንባቢ፣ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያችን አነጋገር ከአእምሮዬ ማውጣት ስላልቻልሁ ነው። በከተማችን ልማት ዙሪያ የሚካሄደው ክርክር ስለ ድንጋይ፣ ስለ መብራትና ስለ ሕንፃ ቀለም ሲያወራ የከረመ ነው። ደጋፊው የእግረኛውን መንገድ ያሳየናል፤ ተቃዋሚው የፈረሰውን አሮጌ ቤት ፎቶግራፍ ያሳየናል። ሁለቱም ስለሚታየው ነገር ይነጋገራሉ። እኔ ዛሬ የምሟገተው ስለማይታየው ነው። የአዲስ አበባ ደኻ ይኖርበት የነበረው ቤት ውስጥ ብቻ አልነበረም፤ ሠፈር ውስጥ ነበር። ቤቱን ለክተን ምትክ ቤት ስንሰጠው ሠፈሩን ያለ ክፍያ ወስደንበታል ብዬ አምናለሁ።

የማልለው ነገር

አስቀድሜ የማልለውን ልናገር፤ በእኛ አገር ክርክር ውስጥ ሰው ያላለውን ነገር አስብሎ መውቀስ ልማድ ሆኗልና።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ምንም በጎ ነገር አላመጣም አልልም። አዲስ አበባ ለእግረኛ የማትመች ከተማ ነበረች። አብዛኛው ነዋሪዋ በእግሩ እየሄደ መንገዷ ግን ለመኪና ብቻ የተሠራ ነበር። በዝናብ ወራት ከጭቃና ከክፍት ቱቦ ጋር ስንታገል ኖረናል። ዛሬ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ፣ ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ በብርሃን መሄድ ይቻላል። ማታ ከሥራ የምትመለስ ሴት ከጨለማ መንገድ የበራ መንገድ ይሻላታል። ይህን የሚክድ ሰው በእግሩ የማይሄድ ሰው ነው።

የቀድሞዎቹ ሠፈሮች ገነት ነበሩም አልልም። አክስቴ በሌሊት መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ባትሪና ዱላ ይዘው፣ በዝናብ ጊዜ ደግሞ ጎርፍ እየዘለሉ ነበር። የጭቃ ግድግዳው አንድ ክረምት በወደቀ ቁጥር በላስቲክ እየሸፈኑ ኖረዋል። እንዲህ ያለውን ኑሮ ከሩቅ ሆኖ «ውብ ትዝታ» እያሉ ማሞገስ ነውር ነው። አክስቴ ራሳቸው ዛሬ ስለ መጸዳጃ ቤታቸው ሲናገሩ ፊታቸው ይበራል።

እንግዲህ ክርክሬ «ይፍረስ ወይስ አይፍረስ?» የሚል አይደለም። ሲፈርስ እንዴት ይፍረስ? ማን ተጠይቆ ይፍረስ? ከፍርስራሹ ጋር ምን አብሮ ተጣለ? የሚል ነው።

ሠፈሩን ያስረጀው ማን ነው?

ሠፈሮቹ ከመፍረሳቸው በፊት የሚደርሳቸው አንድ ስድብ አለ። «ያረጁ፣ የተጎሳቆሉ፣ ለሰው የማይመቹ» ይባላሉ። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን ማን አስረጃቸው?

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የነበሩት ቤቶች በከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም በቀበሌ፣ እጅ ገቡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። አዋጁ ኪራይንም ቀነሰ። ለብዙ ድኻ ቤተሰብ ይህ እፎይታ ነበር፤ ልክደው አልችልም። የቤቱ ባለቤት ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መንግሥት ሆነ። ባለቤት ደግሞ ቤቱን ያድሳል። ይህ ባለቤት ግን አላደሰም። የሚገባው ኪራይ አንድ ቆርቆሮ ለመግዛት የማይበቃ ሆኖ ቀረ። ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ላድስ ሲል ፈቃድ ተጠየቀ፤ ለማያምነው ይዞታም ብዙ ሰው ገንዘቡን ማፍሰስ ፈራ።

ስለዚህ የቀበሌ ቤት ያረጀው ተከራዩ ቆሻሻ ስለ ወደደ አይደለም። ያረጀው ባለቤቱ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ስላላየው ነው። ዛሬ መንግሥት መጥቶ «ይህ ሠፈር ለሰው አይመችም» ሲል፣ አከራይ የራሱን ቸልታ በተከራዩ ላይ ሲመሰክር እንደ ማየት ነው። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥታት ተለዋውጠዋል፤ የቤቶቹ ባለቤትነት ግን ሳይቋረጥ ተላልፏል። ሀብቱን የወረሰ ዕዳውንም ይወርሳል።

እድር ምንድን ነው?

ለእኛ ለተማርን ሰዎች እድር ብዙ ጊዜ የቀብር ማኅበር ብቻ ይመስለናል፤ በየወሩ ሰው ልከን የምናስከፍለው ግዴታ። ለድኻ ግን እድር የዋስትና ድርጅት ነው። ወርኀዊ መዋጮው ዐረቦን ነው፤ በሞት ጊዜ የሚሰጠው ገንዘብ፣ ድንኳንና ጉልበት ደግሞ ክፍያው ነው። ከዋስትና ድርጅት የሚለየው ሰዉን በውል ቁጥር ሳይሆን በመልኩ ማወቁ ነው። ማን እንደ ታመመ፣ ማን ሥራ እንዳጣ፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት እንደ ቀረ ያውቃል። በኤድስ ዘመን ወላጅ አልባ ሕፃናትን ሲረዱና በሽተኛን ቤት ለቤት ሲጠይቁ ከነበሩት መካከል እድሮች ይገኛሉ።

ከእድር ሌላ የማይጻፉ ብዙ ሒሳቦች በሠፈር ውስጥ አሉ። አክስቴ እንጀራ እየጋገሩ ይሸጡ ነበር። ጤፉን በዱቤ የሚሰጣቸው የወፍጮ ቤቱ ሰው ነው፤ ለምን? ሠላሳ ዓመት ስለሚያውቃቸው። እንጀራውን የሚገዙት በአካባቢው ያሉ ምግብ ቤቶችና ላጤ ሠራተኞች ናቸው። ገንዘቡ ዕቁብ ይገባል፤ ዕቁቡ ሲወጣ የልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ይሆናል። እርሳቸው ገበያ ሲሄዱ የልጅ ልጃቸውን ጎረቤት ይይዛል፤ ጎረቤት ለቅሶ ሲሄድ እርሳቸው የእርሷን ይይዛሉ። አንድም ወረቀት የለም፤ አንድም ፊርማ የለም። ሁሉም ነገር የቆመው በመተዋወቅና በመቀራረብ ላይ ነው።

አሁን ይህችን ሴት ሁለትና ሦስት ታክሲ በሚያስይዝ ርቀት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አስቀምጧት። ቤቱ ከቀድሞው ይበልጣል፤ ውኃና መጸዳጃ ቤት አለው። ነገር ግን ዱቤ የሚሰጥ ወፍጮ ቤት የለም፤ እንጀራውን የሚገዛ ደንበኛ የለም፤ ዕቁቡ ተበትኗል፤ ልጅ የሚይዝ ጎረቤት ገና አልታወቀም። አዲሱ እድር ሊገቡ ሲጠይቁ መግቢያ ክፈሉ ተባሉ፤ መግቢያው በቀድሞው እድር ለአርባ ዓመት የከፈሉትን አይቆጥርም። እንደ ገና ከዜሮ ጀምሩ ማለት ነው፤ በስድሳ ስምንት ዓመት ዕድሜ!

ሕጉ ምን ይላል?

አንዳንድ ወዳጆቼ «ይህ ሁሉ ስሜት ነው፤ መንግሥት በሕግ ይሠራል» ይሉኛል። እሺ፤ ወደ ሕጉ እንሂድ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች በልማት እንዲሳተፉና ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አሳባቸውን እንዲጠየቁ መብት ይሰጣል። አንቀጽ 44 መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካ ሰዎች ሁሉ ተመጣጣኝ ካሳ፣ ወይም በቂ ድጋፍ ያለበት ዝውውር እንደሚገባቸው ይናገራል። ልብ በሉ፤ «ሰዎች ሁሉ» ነው የሚለው፤ «ባለይዞታዎች» አይልም። «ኑሯቸው የተነካ» ነው የሚለው፤ «ግድግዳቸው የፈረሰ» አይልም።

ቀጥሎ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 አለ። ይህ አዋጅ ከቀደመው ከ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 በብዙ መንገድ የተሻለ ነው። እንደ ወጣ ሲነበብ፣ ተነሺዎች ይዞታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ እንዲወያዩ ያዝዛል፤ ለአስቸኳይ ሁኔታ ብቻ ጊዜውን ያሳጥራል። ከዚህም በላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለበት። ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት ካሳ እንደሚገባ ይደነግጋል። እንግዲህ የአገሪቱ ሕግ አውጪ ሠፈር ዋጋ ያለው ነገር መሆኑን በጽሑፍ አምኗል ማለት ነው። እኔ ፈጥሬ የማወራው ነገር አይደለም።

ችግሩ ታዲያ ምንድን ነው? ሦስት ነው።

አንደኛ፣ የካሳው ሥርዓት በዋነኛነት የሚናገረው ከይዞታና ከንብረት ባለቤት ጋር ነው። መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ የቦታው ዋጋ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው በላዩ የቆመው ግንብ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ግንቡም የእርሱ ስላልሆነ የሚጠብቀው ምትክ የኪራይ ቤት ወይም የጋራ መኖሪያ ቤት የመግዛት ዕድል ነው። ከእርሱ በታች ደግሞ ስሙ በኪራይ ውሉ ላይ የሌለ ደባል አለ፤ በግለሰብ ቤት የተከራየ አለ፤ በአጥር ጥግ ሻይ የምታፈላ፣ በር ላይ ጉሊት የምትዘረጋ ሴት አለች። እነዚህ ሰዎች ሠፈር ሲፈርስ በማን መዝገብ ይቆጠራሉ?

ሁለተኛ፣ የተቋረጠ ማኅበራዊ ትስስር በነፍስ ወከፍ ገንዘብ አይካስም። ለሁለት መቶ አባወራ ለእያንዳንዱ ጥቂት ገንዘብ ሰጥቶ በዐሥር ቦታ መበተን፣ የአንድን ቤት ጣሪያ ነቅሎ ለእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ቆርቆሮ እንደ መስጠት ነው። እያንዳንዱ ሰው ቆርቆሮ ይዟል፤ ጣሪያ ግን የለም። እድር የጋራ ሀብት ነውና ምትኩም የጋራ መሆን አለበት።

ሦስተኛ፣ «ውይይት» የሚለው ቃል ትርጉሙን አጥቷል። አክስቴና ጎረቤቶቻቸው አንድ ቀን በአዳራሽ ተጠርተው ነበር። ሰብሳቢው ስለ ልማቱ አስፈላጊነት ተናገረ፤ ሰው አጨበጨበ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ልማቱን አንጠላም፤ ብቻ አንድ ላይ ውሰዱን» አሉ። «አስተያየታችሁን ተቀብለናል» ተባለ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር የዕጣ ጥሪ ነው፤ ከዕጣው በኋላ ደግሞ ቤቱን የመልቀቂያ ቀን። በአዳራሹና በመልቀቂያው መካከል ዓመት ቀርቶ ወራትም አልተቆጠሩም። የተወሰነ ነገር ማስታወቅ ውይይት አይባልም፤ ማስታወቂያ ነው። ሕጉ የጠየቀው ግን ማስታወቂያ አይደለም።

«ከተማ ሁሉ እየፈረሰ ነው የሚሠራው»

ሌላው የሚቀርብልኝ ክርክር የውጭ አገር ምሳሌ ነው። «ፓሪስም ፈርሳ ነው የተሠራችው» ይባላል። እውነት ነው። ከ1853 እስከ 1870 እ.ኤ.አ. ባሮን ኦስማን በሦስተኛው ናፖሊዮን ትእዛዝ የመሐል ፓሪስን ጠባብ ሠፈሮች አፍርሶ ሰፋፊ ጎዳናዎች ዘርግቷል። ነገር ግን ምሳሌ የሚጠቅስ ሰው እስከ መጨረሻው ይጥቀስ። የመሐል ከተማው ድኻ በኪራይ ውድነት ወደ ዳር ተገፋ፤ ከተማይቱም ለሀብታምና ለድኻ ተከፈለች። ፓሪስ ዛሬም ከመሐልና ከዳር ክፍፍሏ ጋር ትታገላለች። ከሰው ከተማ ጎዳናውን ስንቀዳ በሽታውንም አብረን እንዳንቀዳ መጠንቀቅ አለብን።

ይልቅስ ከራሳችን ታሪክ እንማር። አዲስ አበባ የተመሠረተችው በሠፈር ነው። መኳንንቱ በየኮረብታው ሲሰፍሩ ሠራዊታቸውና ሎሌያቸው ዙሪያቸውን ሰፈረ። ደጃች ውቤ ሠፈር፣ ራስ ብሩ ሠፈር፣ ሠራተኛ ሠፈር የሚሉት ስሞች ይህንኑ ይመሰክራሉ። በዚህ ምክንያት ከተማችን ሀብታምና ድኻ አጥር ለአጥር የሚኖሩባት ከተማ ሆነች። ይህ ፍትሕ ነበር አልልም። ነገር ግን የጌታው ልጅና የሎሌው ልጅ በአንድ መንገድ ላይ ኳስ ተጫውተዋል፤ ሀብታሙ ሲሞት ድኻው ድንኳን ተክሏል፤ ድኻው ሲሞት ሀብታሙ አፈር አልብሷል።

ይህን ቅልቅል ለመጀመሪያ ጊዜ በፕላን ሊያፈርሰው የተነሣው ማን እንደ ነበር እናስታውስ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማይቱን የያዘው ፋሺስት ኢጣሊያ ለነጭና ለጥቁር የተለያየ ሠፈር የሚለይ ፕላን አወጣ፤ የአራዳን ገበያ ከጊዮርጊስ አጠገብ አንሥቶ የአገሬው ሰው ይገበያይበት ብሎ ወደ ዛሬው መርካቶ ወሰደው። ፒያሳ የሚለው ስም ራሱ ከዚያ ዘመን የቀረልን ነው። ካዛንቺስም ስሙን ያገኘው የኢጣሊያ መንግሥት ለሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ነው። ፋሺስቱ ሄደ፤ ፕላኑም ሳይፈጸም ቀረ። እኛ ደግሞ ለነጭ ሠራተኛ የተሠራውን ካዛንቺስ የሐበሻ ሠፈር፣ የጠጅ ቤትና የእድር ሠፈር አድርገን ኖርንበት። ይህ ትንሽ ድል አይደለም።

የዛሬዎቹን ባለሥልጣናት ከፋሺስት ጋር አላወዳድርም፤ አሳባቸውም ዓላማቸውም ያ አይደለም። የምለው ስለ ውጤቱ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ የዶሮ ማነቂያና የእሪ በከንቱ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካዛንቺስ ነዋሪ ወደ ከተማይቱ ዳር ሲሄድና በመሐሉ የሊዝ ዋጋ የሚችል ብቻ ሲቀር፣ ባዕድ በዘር ሊለያት ያልቻለውን ከተማ እኛ በገንዘብ አቅም እንለያታለን። የልጆቻችን አዲስ አበባ ሀብታሙ ድኻውን በጽዳት ሠራተኛነትና በጥበቃነት ብቻ የሚያውቅባት ከተማ ትሆናለች።

እኛስ የት ነበርን?

ጥፋቱን ለባለሥልጣን ብቻ አሸክሜ መሄድ አልፈልግም። እኛ የተማርን ነን የምንል ሰዎች ፒያሳ ሲፈርስ ያለቀስነው ለማን ነበር? ኬክ ለበላንበት ቤት፣ ፊልም ላየንበት አዳራሽ፣ መጽሐፍ ለገዛንበት መደብር ነው። ቅርስ መጠበቅ ተገቢ ነው፤ መንግሥት ታሪካዊ ቅርስን የመጠበቅ ኃላፊነት እንዳለበት ሕገ መንግሥቱ ያዝዛል። ነገር ግን ከአሮጌው ሕንፃ ጀርባ ባለው ግቢ የሚኖረውን የቀበሌ ቤት ተከራይ ስንቶቻችን ጠየቅነው? ለድንጋይ ቅኔ ጻፍን፤ ለሰው አቤቱታ አልጻፍንም።

እኔም ከዚህ ነጻ አይደለሁም። ክፍል ውስጥ ቆሜ ስለ ሕዝብ ተሳትፎ ሳስተምር በዚያው ሳምንት አክስቴ ዕቃ ሲጭኑ ነበር። ሄጄ ሣጥን ተሸከምሁ፤ ካርቶን አሰርሁ። የእድሩ ነገር ምን ይሁን ብዬ ግን አልጠየቅሁም። ያልጠየቅሁትን ጥያቄ አናጢው ሞተው አስታወሱኝ።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መተቸት ብቻ ቀላል ነው ለሚለኝ፣ እንዲደረግ የምጠይቀውን እነሆ።

1. ሠፈር ከመነሣቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ ፕላኑ በዚያው ሠፈር፣ ሰው በሚያነበው ቋንቋና ቦታ ይለጠፍ። ነዋሪው የጠየቀው ጥያቄና የተሰጠው መልስ ተጽፎ ይታወቅ። መልስ ያልተሰጠበት ውይይት እንዳልተደረገ ይቆጠር።

2. ዝውውሩ በግለሰብ ዕጣ ሳይሆን በእድር መዝገብ ይሁን። ዕጣ ማውጣት ግድ ከሆነ፣ እድሩ እንደ አንድ አካል ቆሞ ዕጣው ለመላው አባላት በአንድ ሳይት ይውጣ፤ የፎቁና የቤቱ ቁጥር ከዚያ በኋላ ይለይ። በአዲሱ ሳይት ድንኳን የሚተከልበት ሜዳና ዕቃ የሚቀመጥበት ቤት ከመኪና ማቆሚያው እኩል በፕላን ይያዝ።

3. ቆጠራው ግድግዳን ሳይሆን ሰውን ይቁጠር። ደባሉ፣ የግለሰብ ቤት ተከራዩ፣ ባለ ጉሊቷ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ በመዝገብ ይግቡ። ሕገ መንግሥቱ «ኑሯቸው የተነካ» ያላቸው እነዚህን ነውና።

4. በተነሣው ቦታ ላይ ከሚሠሩት አዳዲስ ሱቆች የተወሰነ ድርሻ ለቀድሞዎቹ ነጋዴዎች በሚችሉት ኪራይ ይጠበቅ። ሠፈሩን ሠፈር ያደረጉት እነርሱ ናቸው።

5. ከዝውውሩ አንድ ዓመት በኋላ የተነሺዎቹ ገቢ፣ የልጆቻቸው ትምህርትና ጤናቸው ተጠንቶ ውጤቱ ለሕዝብ ይገለጽ። የተከልነውን ዛፍ ጸደቀ ወይስ ደረቀ ብለን የምንቆጥር ሕዝብ፣ የነቀልነውን ሰው ጸደቀ ወይስ ደረቀ ብለን መጠየቅ አያቅተንም።

አስተዳደሩ ከካዛንቺስ የተነሡ በርካታ ነዋሪዎችን ወደ ገላን ጉራ ሲያዛውር ማኅበራዊ ትስስራቸው እንዲጠበቅ ማሰቡን ተናግሯል። አሳቡን አመሰግናለሁ፤ ክርክሬንም ያጠናክርልኛል። የሚቻል ነገር መሆኑን ራሱ አስተዳደሩ ከመሰከረ፣ ለአንዱ ሠፈር የሚደረግ ለሌላው የሚቀር ችሮታ መሆን የለበትም። ሕግ ይሁን። ችሮታ ሰጪው ሲለወጥ ይቀራል፤ መብት ግን ይጠየቃል።

«ይህ ሁሉ ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ይፈጃል። ነገር ግን ወጪው ዛሬም አለ፤ የሚከፍለው ሰው ብቻ ነው የተለየው። ከዳር ከተማ ወደ መሐል በታክሲ የሚመላለሰው ሠራተኛ ይከፍላል፤ ደንበኛዋን ያጣችው ጋጋሪ ትከፍላለች፤ ትምህርት ቤት የቀየረው ልጅ ይከፍላል። የመንገዱ ወጪ በበጀት ይጻፋል፤ የእነዚህ ወጪ በየትኛውም መዝገብ አይጻፍም። ያልተጻፈ ዕዳ ያልተከፈለ እንጂ የሌለ ዕዳ አይደለም።

ነገሩ የአዲስ አበባ ብቻም አይደለም። የኮሪደር ልማቱ ወደ ጎንደር፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ደሴ፣ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ጅማና ወደ ሌሎችም ከተሞች ደርሷል። እኛ ዘንድ የተለመደው ስሕተት እዚያ ደንብ ይሆናል፤ እኛ ዘንድ የታረመውም እንዲሁ።

ከቀብሩ በኋላ በሠልስቱ ቀን የአናጢውን ቤት ልጠይቅ ሄድሁ። በሕንፃዎቹ መካከል፣ በመኪና ማቆሚያው ላይ፣ የተከራየች ትንሽ ድንኳን ተተክላለች። ውስጧ የማይተዋወቁ የአዲሱ ሳይት ሰዎች ለሰብአዊነት ሲሉ ተቀምጠዋል፤ እግዜር ይስጣቸው። በአንድ ጥግ የቀድሞው እድር ጥሩምባ ነፊ ከጥበቃ ሥራው አስፈቅዶ መጥቶ ተቀምጧል። ጥሩምባውን ምን አደረግኸው አልሁት። «ቤት አለ» አለኝ፤ «ግን ጋሼ፣ ብነፋው ማን ይሰማኛል?»

መልሱን ለእርሱ መስጠት አልቻልሁም። የከተማዋን ፕላን የሚያወጡ ሰዎች ግን መልሱ አላቸው ብዬ አምናለሁ። ቀጣዩን ሠፈር ከማንሣታቸው በፊት መንገዱ የት ይዘርጋ፣ መብራቱ የት ይቁም ብለው እንደሚጠይቁ ሁሉ፣ የእድሩ ድንኳንስ ወዴት ይተከል ብለው ይጠይቁ።

ቸር እንሰንብት።